ሐና የት ደረሰች ላልሽኝ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያውን የቀደድኩት ቁጣ ስለበዛበት ነው፤ ሁለተኛውን ለቅሶ ስለበዛበት። ሦስተኛው ደህና ነበር፣ ግን "ሁላችንም ደህና ነን" የሚል ውሸት ነበረበት። አልታመምኩም፣ አትጨነቂ፤ ግን አርፎ መቀመጥ አቅቶኛል። ወጥ ጥጄ ወደ ግቢ እወጣለሁ፣ ግቢ ስደርስ ለምን እንደወጣሁ ይጠፋኛል። ጠረጴዛዬን አልጋሽ ወደነበረበት ወሰድኩት፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ አልጋሽ ቦታ ላይ ነው። የቤዛ አባት "ይቺ ጠረጴዛ እግር አወጣች" እያለ ይስቅብኛል።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ቤዛ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የወለቁት የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል፤ ተለቅ ተለቅ ያሉ ናቸው፣ እንዳንቺ። አልጋሽን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠነው፣ ፍራሹን ግን መስጠት አልቻልኩም፣ ጓዳ ቆሟል። አከራያችን ግቢውን ሲሚንቶ አስደረጉት፤ ጎመን የምትተክዪባትን ጥግ እንኳን አላስተረፉም። አሞራ ገደል ዓሣ ትጠብሺበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ከአለታ ወንዶ የመጣች ልጅ ትጠብሳለች። ለረጅም ጊዜ በዚያ በኩል አላልፍም ነበር። ባለፈው ወር ግን ጨክኜ ሄድኩና ቁጭ ብዬ በላሁ። ጨው ታበዛለች። ይህን ስነግርሽ ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ።

የጻፍኩልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ሐና የት እንደደረሰች ስትጠይቂኝ ኖረሽ ሳልመልስልሽ ስለሄድሽ ነው። በመጨረሻ መድኃኒቱ ነገር ያምታታብሽ ነበርና ከመጀመሪያው ላስታውስሽ።

ኩላሊትሽ ደክሞ ቤት በዋልሽባቸው ስምንት ወራት ከሰዓት በኋላ አጠገብሽ ተቀምጬ እሠራ ነበር። ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረጂ "የሞቱ ፈረንጆችን ትፈልጋለች" ትይ ነበር። ከዚያ አሳጥሮ ያስረዳ ሰው የለም። በእንግሊዝ አገር የገጠር ቄሶች የተጠመቀውን፣ ያገባውን፣ የተቀበረውን ሁሉ በመዝገብ ይጽፉ ነበር፤ ያ መዝገብ ዛሬ ፎቶ ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል። ጽሑፉ ቀለም ረግጣ የሄደች ጉንዳን ዱካ ነው የሚመስለው፤ ለራሳቸውም ልጆች አይነበብም። ታሪክ ተምሬ ሥራ አጥቼ በተቀመጥኩበት ጊዜ ነው እሱን ማንበብ የተማርኩት። ዘራቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ይጽፉልኛል፣ እኔ ሐዋሳ ቁጭ ብዬ አያቶቻቸውን እፈልግላቸዋለሁ።

ከእነሱ አንዷ ዶሮቲ ናት። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላትም። ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ የምትርቅ፣ ሐና የምትባል ቅድመ አያቷን ታሪክ ማወቅ ፈለገች። ሐና ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በሰው እርሻ ላም እያለበች አይብ የምትሠራ ሴት ነበረች። በቤተሰቡ የሚወራው ግን "የባለ ርስት ልጅ ናት፣ ለፍቅር ብላ ከቤቷ ወጥታ ነው" የሚል ነው። ዶሮቲ ከመሞቷ በፊት የሐናን አባትና እናት ስም ማወቅ ፈለገች።

"ሐና" የሚለውን ስም ስትሰሚ "የሳሙኤል እናት" ብለሽ ከትራስሽ ቀና አልሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሐና ነገር የኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። ምሳሽን በልተሽ "ዛሬስ ምን አገኘሽ?" ትይኛለሽ። ሳምንት ሙሉ ምንም ሳላገኝ ስቀር ታኮርፊኛለሽ፤ ሆን ብዬ የደበቅኩሽ ይመስል።

አንድ ሐሙስ ቀን ለፍርድ የቀረበችበትን ወረቀት አገኘሁ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ገጠር ደሃ ሰው የሚረዳው በራሱ አጥቢያ ብቻ ነበር። ባል የሌላት ሴት ካረገዘች፣ ልጁ ለተወለደበት አጥቢያ ሸክም እንዳይሆን፣ ከመውለዷ በፊት በጋሪ ጭነው ወደ መጣችበት ይመልሷታል። ሐና በሁለት ዳኞች ፊት ቆማለች። የተናገረችው ተጽፏል፤ የት እንደተወለደች፣ በማን ቤት ስንት ዓመት እንዳገለገለች፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗ። የልጁን አባት ስም ሲጠይቋት ግን መልስ አልሰጠችም። መጻፍ ስለማትችል በፊርማ ፈንታ መስቀል አድርጋለች፤ መስቀሉ ጠማማ ነው፣ ብዕሩን ስለተጫነችው ቀለሙ ፈስሷል። ከጀርባው የዳኞቹ ትእዛዝ አለ፤ ወደ ተወለደችበት መንደር በቶሎ ትወሰድ ይላል።

ይህን ሳነብልሽ ጋቢሽን እስከ አገጭሽ ስበሽ ጣሪያውን ታዪ ነበር።

"አልተናገረችም አይደል?" አልሽኝ።

"አልተናገረችም።"

"ጎበዝ" አልሽ።

እኔ ሞኟ ወሬው የጣመሽ መስሎኝ ቀጠልኩ። በዚያ ዘመን አዋላጆች፣ ሴቲቱ ምጥ ላይ ሳለች፣ የአባቱን ስም ካልተናገርሽ አንረዳሽም እንዲሉ ይታዘዙ እንደነበር ነገርኩሽ። ያን ጊዜ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ሕመሙ የተነሳብሽ መስሎኝ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ሳትዞሪ፣ "እናቷ በሩን ከፈተችላት?" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አላውቅም፣ እፈልጋለሁ አልኩሽ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የምትጠይቂኝ እሱን ብቻ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት አማርኛ ያልሆነ ነገር ታጉተመትሚ ነበር፤ መድኃኒቱ ነው ተባልን። የጥያቄሽን መልስ ሳላገኝ አረፍሽ።

እማ፣ ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ጫማዋ የመንገድ አቧራ ለብሷል። "ዘነበች፣ ዘነበችዬ" እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። ሰዉ ተያየ። አንቺ ማርታ ነሽ። ተነስቼ ሄድኩና ምናልባት ድንኳን ተሳስተው ይሆናል አልኳቸው፣ በቀስታ። ድንኳኑ ላይ የሰቀልነውን ፎቶሽን ቀና ብለው አዩት።

"ፎቶውን አላውቀውም" አሉኝ። "ግንባሯን ግን አውቀዋለሁ። ታናሽ እህቴ ናት።"

ስማቸው በላይነሽ ነው፣ የመጡት ከሶዶ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው። አብራሽ አሞራ ገደል ስትጠብስ የኖረችው ጓደኛሽ የአገርሽ ልጅ ኖራለች፤ ይህን ሁሉ ዓመት ምስጢርሽን ይዛ፣ ስትሞቺ ግን አላስችል ብሏት ደውላላቸዋለች። እኔ ደግሞ ቤተሰብሽ በሙሉ በበሽታ እንዳለቀ፣ ከኔ በቀር በዓለም ላይ ማንም እንደሌለሽ ነው የማውቀው። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

አልቀበልኳቸውም እማ። ይህን ስነግርሽ አፍራለሁ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ ስልካቸውን በወረቀት ጽፈው ሲሰጡኝ ተቀበልኩ፣ መጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ ከተትኩት፤ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ አልደወልኩም። በሳቸው አልተናደድኩም፤ ባንቺ ነው። የማላውቃቸው ሰዎች ቅድመ አያት ላም ስትጠፋባት የት እንደተገኘች ሳይቀር አውቃለሁ፤ የገዛ እናቴ እህት እንዳላት የሰማሁት በለቅሶዋ ድንኳን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያናድዳል። አሁንም አልበረደልኝም።

ብቻ ሐናን መፈለግ አልተውኩም፤ መሥራት እንጂ ማሰብ አልፈልግም ነበር። የተወለደችበትን መንደር መዝገብ ከፈትኩ። ሐና የወለደችበት ዓመት ገጾች እርጥበት በልቷቸዋል፣ አንድ ቃል አይነበብም። የቀብሩን መዝገብ አየሁ፣ እዚያ የለችም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እጀምራለሁ፣ እተዋለሁ፣ እጀምራለሁ። በመጨረሻ የመንደሩ ቄስ በየቤቱ ማን ማን እንደሚኖር የመዘገቡበት ዝርዝር እጄ ገባ። ከሰላሳ የሚበልጡ ቤቶች ናቸው፤ የአናጢው ቤት፣ የወፍጮው ቤት። ወደ መጨረሻው አካባቢ እንዲህ የሚል አለ፦ ኤልሳቤጥ፣ አሮጊት፣ ባል የሌላት። ሐና፣ ልጇ። አንድ ሕፃን።

ከፍታላታለች እማዬ። እናቷ በሩን ከፍታላታለች።

ልነግርሽ ብድግ ብዬ ዞርኩ። ዞሬ ያየሁት ግድግዳ ነው። ያን ቀን እንዳለቀስኩት በቀብርሽም ቀን አላለቀስኩም።

የቀረውም ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ መጣ። ሐና ዓመታት ቆይታ አንድ ግንበኛ አገባች፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ወዳባረራት አጥቢያ ተመልሳ ኖረች፣ ልጇ ስታገባ ምስክር ሆና ቆመች፣ ሰባ አራት ዓመት ኖራ እዚያው ተቀበረች። የራሷን ጥምቀትም አገኘሁት፤ "ሐና፣ የኤልሳቤጥ ልጅ" ይላል፣ የአባት ስም የለውም። ባለ ርስት የለም፣ ርስትም የለም። ያለባል የወለደች እናትና ያለባል የወለደች ልጅ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ።

ይህን ለዶሮቲ መጻፍ ጨነቀኝ። ስትመካባት የኖረችውን ቅድመ አያት ልቀማት ነው። ሦስት ቀን ዞርኩበት፤ አራተኛው ቀን እንዳለ ጻፍኩት። ሁለት ሳምንት ዝም አለች። ተቀይማለች ብዬ ቆርጬ ሳለሁ መልሷ መጣ። አጭር ነው። የባለ ርስቱ ልጅ ቀርታ፣ እናት ያላት ሴት በማግኘቷ ደስ እንዳላት፣ የኤልሳቤጥን ስም ወረቀት ላይ ጽፋ ከአልጋዋ አጠገብ እንዳኖረችው ትናገራለች። መጨረሻ ላይ፣ እንዲሁ ለሰላምታ ያህል፣ "የአንቺ እናትስ ከየት ናቸው?" ብላ ጠይቃኛለች።

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። በሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ቤት መግባት አቃተኝ፤ በባህል አዳራሽ በኩል አድርጌ መናኸሪያ ድረስ በእግሬ ዘለቅሁ። ለምን ወደዚያ እንደሄድኩ እንጃ። ሰው ሲሳፈርና ሲወርድ ቆሜ አየሁ። ቤት ስመለስ መጽሐፍ ቅዱስሽን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁና ደወልኩ። አክስቴ ገና "ሄሎ" ከማለቴ አወቁኝ።

"ዓመት ሙሉ ይህን ስልክ ከእጄ አላወጣሁትም" አሉኝ።

በሳምንቱ ቤዛን ይዤ ሶዶ ወረድኩ። አክስቴ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። የነገሩኝን እንደነገሩኝ እጽፍልሻለሁ፤ ያዛባሁት ካለ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ሆድሽ ሲታይ አባትሽ የማን እንደሆነ ጠየቁሽ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ጠየቀሽ። ሦስት ጊዜ ተጠየቅሽ፣ ሦስት ጊዜ ዝም አልሽ። አባትሽ ልጁ በኔ ግቢ አይወለድም አሉ። የገበያ ቀን ጠብቀው፣ እናትሽ ከቤት በሌሉበት፣ ወደ ሐዋሳ ዝንጅብል ጭኖ የሚሄድ መኪና ላይ አሳፈሩሽ። አክስቴ እስከ መንገዱ ሸኝተውሽ ነጠላቸውን አውልቀው ሰጡሽ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበር፤ ጋቢና አስቀምጦ፣ ሻሸመኔ ላይ ሻይና ዳቦ አብልቶ፣ መናኸሪያ አካባቢ ለሚያውቃቸው የስልጤ ነጋዴዎች ቤት አደራ ሰጠሽ። ተመልሶ ሲመጣ ደህና መድረስሽን ለአክስቴ ነገራቸው፤ ቤቱን ግን አባትሽን ፈርቶ አልነገራቸውም፤ አክስቴ ያወቁት አሁን ከጓደኛሽ ነው። የሾፌሩ ስም ዮሐንስ ነበር።

እኔ ምህረት ዮሐንስ ነኝ። አባቴ እኔ ሳልወለድ የሞተ አስተማሪ ነው ብለሽኝ ነበር። አስተማሪ ለመሆን ስንት ዓመት ተመኘሁ፣ እሱን ልመስል ብዬ። እዚያ አክስቴ ቤት ደጃፍ ላይ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ትምህርት ቤት ስታስመዘግቢኝ የአባት ስም ሲሉሽ የሾፌሩን ስም ስትሰጪ ታየኝ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፣ ቤዛ እጄን ያዘችኝ። እውነተኛው ማን እንደሆነ አክስቴም አያውቁም። ይዘሽው ሄድሽ። የራሷ ጉዳይ ነው ለማለት እየሞከርኩ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይሆንልኛል፣ አንዳንድ ቀን መንገድ ላይ የስድሳ ዓመት ሰው ባየሁ ቁጥር አፍንጫውን አያለሁ።

አሁን ግን ልነግርሽ የፈለግሁትን ስሚኝ፤ ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አያቴ፣ እናትሽ፣ ስማቸው አማረች ነው። መላክሽን አያውቁም ነበር። ከገበያ ሲመለሱ አጡሽ። የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ነው ብለው በሚቀጥለው ወር ሐዋሳ መጡ። ከወላይትኛ በቀር ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ አክስቴ "ልጄ ጠፋችብኝ" የሚለውን አማርኛ አስጠንተው ላኳቸው። መናኸሪያው በር ላይ ሦስት ቀን ቆመው ያንን ሦስት ጊዜ አይደለም፣ ሺህ ጊዜ፣ ለወጣው ለገባው ሁሉ ሲሉ ቆዩ። የሚሰማቸው ሰው የሚመልሰውን ስለማይረዱ ዝም ብለው ያዩት ነበር አሉ። አንቺ ያን ጊዜ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ እኔን በሆድሽ ይዘሽ የሰው ልብስ ታጥቢ ነበር። ስንቁ ሲያልቅ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ከአባትሽ ጋር ምግብ ከማቅረብ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም፣ አባትሽ እስኪሞቱ። አያቴ ያረፉት ከሰባት ዓመት በፊት ነው። አንቺ በዚያ ጊዜ አሞራ ገደል ነበርሽ፣ እኔም ነበርኩ፤ አንድ አውቶቡስ ብቻ ነበር የሚለያየን።

ፈልገውሻል እማዬ። አንቺ ተስማምተው ያባረሩሽ መስሎሽ ነው የኖርሽው፤ እኔ አሁን ይገባኛል፣ የሐናን እናት ነገር ስትጠይቂኝ ማንን እንደምትጠይቂ። ያን ሐሙስ ቀን ኮምፒውተሩን ዘግቼ አንዲት ቃል ብጠይቅሽ ኖሮ እላለሁ። ትነግሪኝ ነበር? አክስቴ ሐዋሳ ሲደርሱ በሕይወት ትጠብቂያቸው ነበር? አርፌ እንዳልቀመጥ የሚያደርገኝ ይህ ነው። የሞተ ሰው መፈለግ የዕለት እንጀራዬ ሆኖ አጠገቤ የተኛችውን ሳልፈልግ።

አክስቴ እኔ እስክመጣ የያዙትን መርዶሽን በመንደሩ ተናገሩ፣ ለቅሶ ተቀመጡልሽ። የማላውቃቸው ሰዎች መጡ፤ አንዳንዶቹ እጄን ይዘው ግንባሬን አይተው አለቀሱ። ወንድምሽ አሁን የቤቱ አባወራ ነው፤ አንቺ ስትሄጂ ገና የሚድህ ሕፃን ነበር፣ አያውቅሽም። ማን ብለው እንደሚያለቅሱልሽ ጠየቀኝ፣ ዘነበች ወይስ ማርታ። ሁለቱንም አልኩት። ሁለቱንም አሉ። በወላይትኛ ሲያለቅሱ ቆሜ ስሰማ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት መድኃኒቱ ነው የተባልነው ድምፅ ምን እንደነበር ገባኝ።

አክስቴ ለፋሲካ ወደኛ ይመጣሉ፤ መቃብርሽን ያያሉ። እስከዚያ በየእሑዱ ይደውሉልኛል፣ እኔ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። ወንዙን ዘሎ በመሻገር ከወንዶቹ ትበልጪ እንደነበር ጽፌያለሁ። አክስቴን የመታቸውን ልጅ ክንዱን ነክሰሽ ሁለት ቀን እንደተደበቅሽ። ነጎድጓድ ትፈሪ እንደነበር፤ እኔ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ሬዲዮ የምታስጮሂው ዜና ስለምትወጂ ይመስለኝ ነበር። ማሽላ ስትጠብቂ የምትዘፍኚው ዘፈን እንደነበረሽ፤ አክስቴ ግጥሙን ረስተዋል፣ ለማስታወስ እየሞከሩ ነው። ቤዛ እያንዳንዱን ትሰማለች። ስታድግ ሁሉም በበሽታ አለቁ አልላትም። የማላውቀውን አላውቅም እላታለሁ።

አልረሳሽም ማለት ቀላል ነው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያየኋትን እንዴት እረሳለሁ። እኔ ቃል የምገባልሽ ግን ለሌላዋም ነው፤ ለዚያች ዘነበች ለምትባለው፣ እኔ ሳልወለድ መኪና ላይ ለተሳፈረችው። እሷን ገና መተዋወቄ ነው። ተዋውቄያት እስክጨርስ አላርፍም፤ ያወቅኳትን ያህል ደግሞ አስታውሳታለሁ።

ልጅሽ ምህረት